ኤስ ኪንግ ይዞ ፎልድ ያረገ ፈሪ ነው ላልከው ወንድሜ

ሰሞኑን ስለ ትንንሽ የኦንላይን ፖከር ቶርናመንት የተጻፈች አንዲት ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ስትዞር ከርማ እኔም ጋ ደረሰች። ሰባት ምክር ይዛለች፣ ያላነበባችሁ ካላችሁ ባጭሩ እንዲህ ነው ምትለው፦ መጀመሪያ ላይ ብላይንዱ (ካርታ ሳይታይ ሁለት ሰው በተራ የግድ ሚያስገባው) ርካሽ ስለሆነ ብዙ እጅ ተጫወትና ቶሎ ቺፕህን (መወራረጃ ጠጠርህን) እጥፍ አርግ፤ ከሚታደሉህ ሁለት ካርታዎች አንዱ ኤስ አንዱ ኪንግ ሆኖ ኤስ ኪንግ ከመጣልህ መቼም ይሁን መቼ ኦል ኢን ነው (ያለህን ቺፕ ሁሉ ማስገባት)፣ ፎልድ ያረገ (ካርታውን የጣለ) ፈሪ ነው፤ ቺፕህ ሲመነምን ጥሩ ካርታ እስኪመጣ ታገስ፤ ቡተን ላይ (አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ምትናገርበት ቦታ) ስትሆን ሰፋ አርገህ ተጫወት፤ አምስት ጊዜ ተከታትለህ ከወደክ ተነቅቶብሃል፣ አጨዋወትህን ቀይር፤ ኦንላይን ካርታው የተሰራ ነው ስለዚ ትልቅ ጥንድ ይዘህም አትመን፤ መጨረሻ ላይ ሁለት ስትቀሩ ደግሞ በቺፓችሁ ልክ ተካፍላችሁ ተለያዩ። ጸሐፊውን አላውቀውም፣ በእድሜ ከበለጠኝ አንተ ማለቴን ይቅር ይበለኝ፣ ግን ከሰባቱ ያለ ነቀፋ ምታልፈው አንዷ ብቻ ናት፣ ሌሎቹ ሰው ያከስራሉ፣ አንዱ ምክር እንደውም ባለፈው ቅዳሜ ጓደኛችንን አክስሮታል፣ እኔም ለዛ ነው ምጽፈው።

እኛ ዘጠኝ ነን። ድሮ ካዛንቺስ አንድ ግቢ ውስጥ ነበር ቅዳሜ ማታ ካርታ ምንጫወተው፣ መጀመሪያ ኮንከር ነበር፣ ቆይቶ ፖከር ለመድን። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ አንዱ ገላን ጉራ ገባ፣ አንዱ አራት ኪሎ አክስቱ ጋ ተጠጋ፣ እኔ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ተከራየሁ፣ ጋሼ ምንላቸው ትልቁ ሰውዬ ልጃቸው ጋ ሄዱ፣ በቃ ጠረጴዛው ስልክ ውስጥ ገባ። ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ሲሆን ሁሉም ካለበት ይከፍታል። እንደ እቁብ ሰብሳቢ አለን፣ 100 100 ብር በቴሌብር እንልክለታለን፣ 900 ይሆናል፣ አንደኛ 450፣ ሁለተኛ 270፣ ሶስተኛ 180 ይወስዳል፣ ሌላው ስድስት ሰው ደህና እደሩ ብሎ ይተኛል። ይሄ 50፣ 30፣ 20 በመቶ የሚባለው አከፋፈል የዘጠኝ ሰው ቶርናመንት ላይ የተለመደው ነው። ስንጀምር ለያንዳንዳችን 1,500 ቺፕ ይሰጠናል፣ ብላይንዱ ከ10 በ20 (ስሞል ብላይንድ 10፣ ቢግ ብላይንድ 20) ተነስቶ በየስድስት ደቂቃው ይወጣል። እኛ መሀል ሬክ ሚባል ነገር፣ አጫዋቹ ቤት ለራሱ ሚቆርጠው ማለቴ ነው፣ የለም፣ ይሄ ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ የውጪ ሳይቶች ላይ የ10 ዶላር ጨዋታ ሲባል ብዙ ጊዜ ከላይ 1 ዶላር ይከፈላል፣ ስለዚ ከእኩዮችህ ጋር ብትጫወት እንኳን ገና ሳትቀመጥ ከ11 ዶላርህ አንዷ ሄዳለች፣ 9 በመቶ ማለት ነው።

እሺ ወደ ኤስ ኪንግ ልምጣ፣ ጠቡ እዛ ላይ ስለሆነ።

ባለፈው ቅዳሜ አራት ሰው ቀረ። ሶስት ሰው ነው ሚከፈለው፣ አራተኛ የወጣ ባዶውን ነው፣ ፖከር ተጫዋቾች በብል ሚሉት ይሄን ሰዓት ነው። አራቱም ተቀራራቢ ቺፕ ይዘዋል። ጋሼ ኦል ኢን ገቡ፣ ያ ጓደኛችን ኤስ ኪንግ ይዞ ኮል አለ (እኩል አስገብቶ ተፋለማቸው)፣ ጋሼ ጥንድ ስምንት ነበራቸው፣ ስምንቱ ቆመ፣ ልጁ አራተኛ ወጣ። ምነው ስንለው ያንተን ጽሑፍ ላከልን። እድለ ቢስ ነኝ እንጂ ትክክል ነኝ ነው ሚለው እስካሁን። ትክክል አይደለህም አልኩት፣ ብታሸንፍም ትክክል አልነበርክም አልኩት፣ ተኳረፍን።

ሂሳቡን ልስራውና እናንተ ፍረዱ። ዘጠኝ ሲባዛ በ1,500 ጠቅላላ ቺፑ 13,500 ነው። አራት ሰው እኩል ይዟል እንበል፣ 3,375 3,375። እኩል ስለሆኑ የያንዳንዳቸው ድርሻ ከ900ው 225 ብር ነው። አሁን ኮል ብለህ ከተሸነፍክ 225ቷ ዜሮ ሆነች። ካሸነፍክስ? 6,750 ቺፕ ያዝክ፣ የቀሩት ሁለቱ 3,375 3,375 አላቸው። አንደኛ የመውጣት እድልህ ከቺፑ ያለህ ድርሻ ነው ተብሎ ይታሰባል፣ ግማሹን ስለያዝክ 50 በመቶ። ሁለተኛ ለመውጣት ደግሞ አንደኛውን ሰው ከነቺፑ ከጠረጴዛው ታነሳውና በቀረው ላይ ያንኑ ሂሳብ ትደግማለህ፣ 33 በመቶ ይመጣል፣ ሶስተኛ 17 ገደማ። ይሄን በ450፣ በ270፣ በ180 አባዝተህ ስትደምረው 345 ብር ነው። አይሲኤም ሲሉ የምትሰሙት ይሄንኑ ነው፣ ሌላ ጥንቆላ የለበትም፣ እኔ በስልክ ካልኩሌተር ነው ምሰራው።

ልብ በሉ እንግዲ፣ ቺፕህ እጥፍ ሆነ፣ ብርህ ግን 450 አልሆነም፣ 345 ነው። 120 ብር ለማግኘት 225 ብር አስይዘሃል። 225ን ለ345 ስታካፍለው 65 በመቶ ይሰጥሃል፣ ከመቶ 65 ጊዜ ማታሸንፍ ከሆነ ኮል ማለት የለብህም ማለት ነው (ብላይንዱን ለጊዜው ትተን)። ኤስ ኪንግ ከጥንድ ስምንት ጋር ሲገናኝ 45 በመቶ አካባቢ ነው ሚያሸንፈው። ሰውዬው ካርታውን ጭራሽ ሳያይ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ኦል ኢን ቢገባብህ እንኳን ኤስ ኪንግ ከማይታወቅ ካርታ ጋር 65 በመቶ ገደማ ነው። ከሰከረ ሰው ጋር አቻ ትወጣለህ! ጋሼ ደግሞ ሲጫወቱ ውሃ ነው ሚጠጡት።

ቀሪው 105 ብር የት ሄደ እንዳትሉ፣ አለ። አንተና ጋሼ ስትፋለሙ ፎልድ ብለው የተቀመጡት ሁለቱ ሰዎች እያንዳንዳቸው ከ225 ወደ 277 ብር ከ50 ወጡ። ምንም ሳያረጉ። አንደኛው እንደውም ያኔ በረንዳ ላይ ወጥቶ ስልክ እያወራ ነበር፣ 52 ብር ከ50 ሳንቲም ሰራ። ሁለት ሰው በብል ላይ ሲጋጭ ማንም ያሸንፍ ማን ብሩ ወደ ተመልካቾቹ ይፈሳል፣ ይሄን ነገር አንዴ ከገባህ በኋላ ፖከር ጭራሽ ሌላ ጨዋታ ነው ሚሆነው።

እዚ ጋ ግን ጽሑፍህ ግማሽ እውነት አላት። ኤስ ኪንጉን ይዘህ ቀድመህ አንተ ኦል ኢን ብትገባ ኖሮ እሰየው ነበር፣ ምክንያቱም ያ 65 በመቶ ሚባል ሸክም ያንተ ሳይሆን የጋሼ ይሆናል፣ ጥንድ ስምንት ይዘው ራሳቸውን ሚያኩት እሳቸው ይሆናሉ። ያው ካርታ፣ ያው ሰው፣ ቀድሞ የገባና ተከትሎ የገባ ግን አንድ አይደሉም። አንተ ሁለቱን አንድ ላይ ቀቅለህ "ኦል ኢን ነው" አልክ። ደግሞ እኩል ባንሆንስ? ካላችሁ ይለያያል፣ አንዱ ሁለት ቢግ ብላይንድ ብቻ ይዞ እያጣጣረ ከሆነ ሌሎቻችን ጭራሽ መጋጨት የለብንም፣ እስኪሞት መጠበቅ ነው፣ ያ ሚያጣጣረው ራስህ ከሆንክ ግን ምትጠብቀው ነገር ስለሌለህ ላላ ብለህ ትገባለህ። እኩል በሆንበት ሁኔታ ግን ኮል ለማለት እኔ ኤስ ኤስ፣ ኪንግ ኪንግ፣ ኩዊን ኩዊን ነው ምፈልገው፣ ፈሪ በለኝ።

መጀመሪያ ላይ ቶሎ እጥፍ አርግ ያልከውም የዚሁ ስህተት ታናሽ ወንድም ነው። በመጀመሪያው እጅ አንዱን አስወጥተህ 3,000 ቺፕ ብትይዝ 100 ብርህ 200 ሆነ ብለህ አስበህ ይሆናል፣ ስሰራው 182 ብር ከ50 ነው። ስለዚ ገና ከጅምሩ ለሙሉ ስታክህ (ላለህ ቺፕ በሙሉ) ስትፋለም 55 በመቶ ያስፈልግሃል፣ ሃምሳ ሃምሳው እንኳን ኪሳራ ነው። ልዩነቷ ትንሽ ናት፣ ግን ያለ ምክንያት ለምን ትከፍላለህ? ደግሞ 10 በ20 ላይ መሀል ያለው ሁለቱ ብላይንድ 30 ቺፕ ነው፣ ከ1,500 ሁለት በመቶ፣ ለሱ ብሎ ኪንግና ሰባት ይዞ መሟገት ምን ይሉታል። ርካሽ ስለሆነ ብዙ እጅ ተጫወት ካልክ እኔ ምስማማው ትንንሽ ጥንዶች ላይ ብቻ ነው፣ ጥንድ አራት ምናምን ይዘህ በ20 በ40 ቺፕ ፍሎፕ (መሀል መጀመሪያ ሚገለጡትን ሶስት ካርታዎች) ማየት ከቻልክ እይ፣ ሶስተኛዋ አራት ፍሎፕ ላይ ምትመጣው ከስምንት ተኩል አንዴ ገደማ ነው፣ ስትመጣ ግን የሰው ሙሉ ስታክ ይዛ ትመጣለች። ካልመጣች አትከራከር፣ ጣል። ለሌላው እኔ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት እራቴን ነው ምበላበት።

የቡተኗ ምክር ትክክል ናት፣ መጨረሻ ላይ መናገር ሁሌም ይሻላል፣ እለፋት።

አሁን ወደ "ታገስ"። ወንድሜ ይሄ ምክር በጣም ሰው ይወደዋል፣ ትግስት ሲባል ጨዋ ነገር ስለሚመስል። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዛ ነበር ምጫወተው፣ ብላይንዱ 100 በ200 ሲደርስ 1,600 ቺፕ ይዤ ኤስ እስኪመጣ እጠብቃለሁ፣ አንድ ዙር ሲዞር 300 ቺፕ ይሄዳል፣ ስልኩ ላይ እያየሁት በረዶ እንደያዝኩ ሰው እቀልጣለሁ፣ በመጨረሻ 700 ቺፕ ላይ ጥሩ ካርታ ይመጣል፣ ኦል ኢን እላለሁ፣ ሶስት ሰው ኮል ይለኛል ምክንያቱም 700 ማንንም አያስፈራም። ባሸንፍ እንኳን የት ልደርስ? ኤስ ኤስ ራሱ ምትመጣው ከ221 እጅ አንዴ ነው፣ ማንኛውም ጥንድ ከ17 እጅ አንዴ። የስድስት ደቂቃ ሌቭል ውስጥ ስንት እጅ ይታደላል? እስክትመጣልህ አንተ የለህም።

ኦል ኢን ስትገባ ምታሸንፈው በካርታህ ብቻ አይደለም፣ ሰው ፎልድ ሲያረግልህም ነው። ምሳሌ ልስጣችሁ። ስሞል ብላይንድ ላይ ነህ፣ ሁሉም ጥሎ ወደ አንተ መጣ፣ 1,600 ነበረህ 100ው ለብላይንድ ገብቶ 1,500 ቀርቶሃል፣ ቢግ ብላይንዱም ያንተን ያህል አለው። ካርታህ ቆሻሻ ነው። ኦል ኢን ገባህ። ሰውዬው ከመቶ 20 ጊዜ ብቻ ነው ኮል ሚለው እንበል፣ ጠንቃቃ ሰው ነው። 80 ጊዜ ይጥላል፣ 300 300 ቺፕ ታነሳለህ፣ 24,000። ኮል ካለው 20 ጊዜ ውስጥ በቆሻሻ ካርታ 30 በመቶ ብታሸንፍ፣ 6 ጊዜ ማለት ነው፣ በየጊዜው 1,700 ታተርፋለህ፣ 10,200። 14 ጊዜ 1,500ህን ታጣለህ፣ 21,000። ደምረህ ቀንሰው፣ በመቶ እጅ 13,200 ቺፕ ትርፍ፣ በአንድ እጅ 132። በቆሻሻ ካርታ! በፎልድ ግን ዜሮ። በርግጥ ይሄ ቺፕ ብቻ ነው ሚቆጥረው፣ በብል ላይ ሲሆን ሽንፈቷ ከዚ በላይ ታማለች፣ ግን በብል ላይ ያ ሰውዬም ቅድም ባየነው ምክንያት ኮል ማለት ይከብደዋል። እዛ ሰዓት ላይ ማንን እንደምትገፋ፣ ማለትም ማን ላይ ኦል ኢን እንደምትገባ፣ ማወቅ ነው ዋናው። ኤስ ኪንጉን ልጅ አትግፋው፣ ኮል ይላል፣ ጽሑፍህን አንብቧላ። ጋሼን ግፋቸው።

ከአስር ቢግ ብላይንድ በታች ስትሆን ሬይዝ አርጎ (ውርርዱን ጨምሮ) ፍሎፕ አይቶ ምናምን ሚባል ነገር የለም በቃ፣ ኦል ኢን ወይ ፎልድ። እስከ አንድና ሁለት ቢግ ብላይንድ ድረስ ግን አትውረድ፣ ሰው ማስፈራት ምትችልበት ቺፕ እያለህ ነው መገፋት ያለበት። አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ መጽሐፍ ላይ ማታገኙት ነው፣ እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ ዋይፋዩ ይዞት ይሄዳል፣ ዳታ እስክታበሩ ድረስ ጨዋታው እናንተን ፎልድ እያረገ ብላይንዳችሁን ይበላል። ሁለት ዙር ሙሉ በዚ ምክንያት ቺፑ የተበላ ሰው አለ እኛ ጋ። ከ3 ሰዓት በፊት ስልክ ሙሉ ቻርጅ፣ ዳታ የተገዛ፣ ይሄም ስትራቴጂ ነው።

ስለተሰራው ካርታ ደግሞ፣ ኧረ አቦ። ኤስ ኤስ ካርታው ከማይታወቅ አንድ ሰው ጋር 85 በመቶ ያሸንፋል፣ ስለዚ ከሰባት አንዴ ገደማ ይሸነፋል፣ ሃምሳ ሃምሳ ባይሆንም መቶ በመቶ አይደለም። ጠረጴዛ ላይ በእጅ ሲታደል በሰዓት 25፣ 30 እጅ ነው ሚደርሰን፣ ስልክ ላይ ከ60 በላይ ይሄዳል፣ እጥፍ ብታይ እጥፍ ትናደዳለህ። ካዛንቺስ እያለንም ኤስ ኤስ ይሸነፍ ነበር፣ ያኔ ግን ምንሳደበው አዳዩን ነበር። ማጭበርበር የለም እያልኩ አይደለም ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 አብሶሉት ፖከር ላይ የታወቀው ቅሌት አለ፣ የውስጥ ሰዎች የተጫዋቾችን የተደበቀ ካርታ እያዩ ይጫወቱ ነበር፣ የነቁባቸው ራሳቸው ተጫዋቾቹ ናቸው፣ የእጅ መዝገቡን ቁጭ ብለው መርምረው። ስለዚ መጠርጠር ያለበት በዛ በኩል ነው፣ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ስልክ ይዘው ካርታቸውን ሚተያዩ ሰዎች እንዳሉ ማየት። እኛ ጋ ባልና ሚስት ነበሩ፣ ሳቅን፣ አሁን ተራ በተራ ነው ሚጫወቱት።

አምስት ጊዜ ተከታትለህ ከወደክ ቀይር ላልከው፣ ዘጠኝ ሰው ውስጥ ሶስቱ ብቻ ከሆነ ሚከፈሉት፣ እኩል ችሎታ ያለው ሰው በያንዳንዱ ጨዋታ ባዶውን ሚወጣው ከሶስት ሁለቴ ነው፣ አምስት ተከታታይ ሽንፈት 13 በመቶ ነው፣ አስር እንኳን 1.7 በመቶ። ማለት ምንም ሳታጠፋ ይደርስብሃል። እኛ በዓመት 52 ጨዋታ ነው ምንጫወተው። ሂሳቡን ሰርቼዋለሁ፣ በ52 ጨዋታ እድል ብቻውን ሰውን 1,100 ብር ገደማ ወደ ላይም ወደ ታችም ቢወስደው ተራ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት አንዱ 800 ብር ተርፎኛል ብሎ "ሻምፒዮን" ሚል ስም ለጠፈ ለራሱ፣ እኔ 600 ከስሬ ነበር፣ ከሁለታችን ማን እንደሚሻል ይሄ ቁጥር አይነግርህም። እሱ ግን አልሰማኝም፣ ስሙም አልወረደም።

በመሀል እ.ኤ.አ. የ2003ቱን ክሪስ መኒሜከርን ጠቅሰሃል፣ በኦንላይን ሳተላይት (ሽልማቱ የትልቅ ቶርናመንት መግቢያ ትኬት የሆነ ጨዋታ) ገብቶ ላስ ቬጋስ ላይ ከ839 ሰው አንደኛ ወጥቶ 2.5 ሚሊዮን ዶላር የወሰደውን። እውነት ነው፣ ወሰደ። ግን ሳተላይት ላይ ትኬት ሚያገኙት ሰዎች ሁሉ እኩል ነው ሚያገኙት፣ ቺፕ ያበዛ ተጨማሪ የለውም፣ ስለዚ ያንተ "ቶሎ እጥፍ አርግ" ከየትም በላይ ማይሰራው እሱ የመጣበት በር ላይ ነው።

መጨረሻ ላይ መካፈል። ይሄኛው ነው በጣም ያሳቀኝም ያናደደኝም። በቺፓችሁ ልክ ተካፈሉ ትላለህ። ከሁለት ሳምንት በፊት ያው ኤስ ኪንጉ ጓደኛችንና ሰብሳቢያችን ሁለት ቀሩ፣ ሰዓቱ 5 አልፏል፣ ሰብሳቢው ንጋት ላይ ስራ አለው፣ እንካፈል ተባለ። ጓደኛችን ከቺፑ ሶስት አራተኛውን ይዟል። የቀረው ሽልማት 450 ሲደመር 270፣ 720 ነው። ባንተ ሂሳብ ሶስት አራተኛው 540 ብር! ጨዋታውን ጨርሶ ቢያሸንፍ ከ450 በላይ ማያገኝ ሰው፣ ስለተስማማ 540 ሊወስድ። ሰብሳቢው ደግሞ ተሸንፎ ቢወጣ 270 ሚያገኘው፣ ስለተስማማ 180። እንዴት ያለ ስምምነት ነው ይሄ። ሁለተኛነቷ ለሁለታችሁም ገብታለች፣ 270 270 አስቀምጡና ሚቀረው 180 ብቻ ነው ሚካፈለው፣ የ180 ሶስት አራተኛ 135፣ ስለዚ 405 ለሱ፣ 315 ለሰብሳቢው።

ሰብሳቢው 405 ላከለት። እሱ መልሶ ላከው። አሁን ብሩ ከቴሌብር ቴሌብር እየተመላለሰ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል፣ 540 ካልሆነ አልቀበልም ነው ሚለው፣ ጽሑፉ ላይ አለ እያለ። ስለዚ ወንድሜ፣ ቢያንስ ሰባተኛዋን አርማትና መልሰህ አዙራት፣ ቅዳሜ ሳይደርስ።